የኅብረት ሱቁ ግድግዳ

ሥራ የጀመርኩት ብቸና ነው፤ በቀበሌው የኅብረት ሱቅ፣ በረዳት ሻጭነት። ዋናው ሻጭ የመጀመሪያውን ቀን ሚዛኑን እንኳ አላስነካኝም። "መጀመሪያ ጆንያ መፍታት ተማሪ" አለኝ። የስኳር ጆንያ አፉ በክር የተሰፋ ነው። ክሩን ከትክክለኛው ጫፍ ይዘው ሲስቡት ተርትሮ ይወጣል፤ ከሌላኛው ጫፍ ከያዙት ተቋጥሮ ቁጭ ይላል። እኔ የያዝኩት ሌላኛውን ነበራ! ሰልፈኛው ደጅ ቆሞ እየሳቀብኝ ከክር ጋር ስታገል ረፈደ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሥራውን ግን ተማርኩት። ሚዛን ዕቃ ሳይጫንበት ባዶውን ይታያል፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ካልቆሙ በቀጭን ሽቦ ይስተካከላሉ። ስኳር በክረምት እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ጆንያው መሬት አይነካም፣ ከሥሩ እንጨት ይረበረብለታል። ሳሙና ከስኳር አጠገብ አይቀመጥም፤ ሽታው ይገባበታል። አቡጀዲ በሜትር እንጨት እንጂ በክንድ አይለካም፤ በክንድ ከተባለማ ሰው ሁሉ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ አውቄ ከረዳትነት ወደ ሻጭነት አደግሁ።

በዚያው ሰሞን ትዳሬ ፈረሰ። ብቸና ሁሉም የሚያውቀኝ አገር ነው፤ ሰላም ያለኝ ሁሉ ፊቴን አይቶ የሚያዝን መሰለኝ። ሞጣ ያለ አንድ ቀበሌ ሥራ የሚያውቅ ሻጭ እንደሚፈልግ ስሰማ ሁለቴ አላሰብኩም። ልብሴን ቋጥሬ፣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሞጣ ገባሁ።

በዚያ ዘመን የኅብረት ሱቅ ሻጭ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። ስኳር ሲያልቅ "ደበቀችው" ይላሉ። ስኳር ሲኖር "አጎደለችው" ይላሉ። በዚያ ላይ የቀበሌ ሰው ስለሆንኩ ጆሮ ጠቢ አድርገው ቆጠሩኝ። ወደ ሰልፉ ጠጋ ስል ወሬው እልም ይላል። ዕድር ልግባ ብዬ ጠይቄ "እስቲ እናያለን" ተባልኩ። እስካሁንም እያዩ ነው።

ምሳዬን ሱቁን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ነበር የምበላው። ጠዋት ሙሉ ስንቱ ሰው በፊቴ ሲያልፍ ውሎ፣ ያንን እንጀራ ስቆርስ "ብይ እንጂ" የሚለኝ አልነበረም። ሰው ናፈቀኝ። ያለ ሐፍረት ነው የምናገረው፣ አንዳንድ ቀን ምግቡ አልወርድ ይለኝ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አያሌው ይባላል። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከአብዮቱ በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር፤ ድጓ ጀምሮ ትቶታል ይባላል። ዕደላ በሚሆንበት ቀን ሁሉ ከሚዛኑ አጠገብ በርጩማ አስመጥቶ ይቀመጣል። ሰው አያይም፤ የሚያየው የሚዛኑን መርፌ ብቻ ነው። የሱቅ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሥራ ነበር ይህ፤ እሱ ግን ማንንም አላምን ብሎ ራሱ ያዘው።

አንድ ቀን ከአውራጃው መመሪያ መጣ። እያንዳንዱ ቀበሌ የአካባቢውን ከያንያን ሥራ ለሰፊው ሕዝብ ያሳይ የሚል ነው። የኛ አዳራሽ እህል ሞልቶበታል። ጓድ አያሌው ሱቁ መጥቶ ዙሪያውን ቃኘ።

"ጓዲት የሺ፣ ያ ባዶ ግድግዳ ምን ያደርጋል?"

"ምንም አያደርግም ጓድ ሊቀመንበር፤ ግድግዳ ነው።"

"እንግዲያው እሱም ሥራ ይያዝ። በየወሩ የአንድ ከያኒ ሥራ ይሰቀልበት። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።"

የመጀመሪያውን ወር የአንዲት ስፌት ሰፊ ጎረቤቴን ሥራ ሰቀልኩ፤ ሰፌድ፣ አገልግል፣ ልቅም ያለ ቀለም ያለው ሙዳይ። ሰልፈኛው አይቶ ተንጫጫ። "ይሄ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ይደርሳል?" "ለማየት ነው" አልኳቸው። "ለማየት ብቻ? ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ሱቅ ለማየት የሚያድለው?" አንዱማ "ለዘመዶቿ ከውስጥ ሰጥታ ጨርሳ ነው" ብሎ ተከራከረኝ። ምን ቢያደርጉኝ ጥሩ ነው! ግን በዚያ ሳምንት ከስኳርና ከጨው ሌላ ነገር ከሰው ጋር አወራሁ። የሰፌዱ ቀለም በምን እንደተነከረ አንዷ ስትጠይቀኝ፣ ድምፄ ደስ ብሎት ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

በሁለተኛው ወር አንድ አስተማሪ የሣለውን ትራክተር ሰቀልን። ትራክተር በዓይኑ ያየ ስላልነበረ ማንም አልነቀፈውም። በሦስተኛው ወር የሚሰቀል አጣሁ። ያኔ ነው ሰዎች መሪጌታ ጥሩነህን የጠቆሙኝ።

መሪጌታ ጥሩነህ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ እኔ ሠዓሊ ነኝ ብለሽ ነው? ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ረዳት ነበርኩ። ዋናው ሠዓሊ ፊት ይሥላል፤ እኔ ልብስ እቀባለሁ፣ ደመና እቀባለሁ። አንድ መቅደስ በሙሉ በገዛ እጄ ሳልሥል መሞቴ ነው።" ይህን ያሉት ፈገግ ብለው ነው።

በዚያው ሰሞን ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ያለ አንድ ደብር አዲስ ቤተ ክርስቲያን አንጾ ሠዓሊ ይፈልግ ነበር። መሪጌታ ለደብሩ ሽማግሎች እኔን ቅጠሩኝ ብለው ልከዋል፤ "እናስብበታለን" ብለው ዝም አሏቸው። ሥራቸውን ያየ ሰው የለማ። ደመና በመቀባት ብቻ ማን ይቀጠራል?

"የቀበሌ ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን መስቀል አይፈቀድልኝም" አልኳቸው። "ግን ለምን እኔ ሱቅ ተቀምጠው ያዩትን አይሥሉም? ሽማግሎቹ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ያዩታል።"

"ያየሁትን?" አሉ። "ያየሁትን ሥዬ አላውቅም። የኛ ሥራ ከአባቶች እንደተቀበልነው ነው።" ብዙ ካሰቡ በኋላ ግን "እሺ፣ ልሞክረው" አሉኝ።

ጓድ አያሌው አቡጀዲ ፈቀደ። መሪጌታ በዕደላ ቀን እየመጡ፣ ከመደርደሪያው ጥግ ካርቶን ላይ ተቀምጠው በከሰል ይነድፉ ጀመር። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር! ሰልፈኛው ሁሉ ዓይኑ እሳቸው ላይ ነው። "እኔን አሳምሩኝ"፣ "ጥርሴን እንዳይረሱ"፣ "ያንን ከኔ አስቀድመው እንዳይሥሉት፣ ተራው አይደለም!" እኔም በየመሃሉ ዞር እያልኩ አወራቸዋለሁ። ምሳ አብረውኝ ይበሉ ነበር። "ብይ እንጂ ልጄ" ይሉኛል። እዚያ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ምግብ የጣመኝ ያኔ ነው።

ቀለሙን ቤታቸው ጨርሰው፣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ሱቁ ሳይከፈት በምስማር ሰቀልነው። ወይ ጉድ! መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ እስከ ደጅ የተዘረጋው ሰልፍ፣ ሁሉም አለ። እኔ መሃል ላይ ነኝ፤ ፊቴ ወደ ፊት፣ ዓይኖቼ ሁለት ትልልቅ። ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። አለቀስኩ። ራሴን እያየሁ ሌላውን መቼ አይቼው!

ሰልፉ ሲገባ አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "በስመ አብ!" አሉ። "አያሌውን በጎን አደረጉት!"

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ከሃዲ፣ ገራፊ፣ ጋኔን ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ሞጣ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ በጎን የተሣለ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ሊቀመንበሩ ብቻ ነበር።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሳሙና የማያስፈልገው ሁሉ ሳሙና ሊጠይቅ መጣ። እየገቡ አንዴ ወደ ግድግዳው አየት፣ አንዴ ወደ በርጩማው አየት ያደርጉና ከንፈራቸውን ነክሰው ይወጣሉ። ቅዳሜ የደብሩ ሽማግሎች መጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ነው። እዚያው ሱቄ ውስጥ "መሪጌታን ንገሪያቸው፣ መቅደሱ የእሳቸው ነው" አሉኝ።

ሮጬ ነገርኳቸው። መሪጌታ ተነስተው ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። "ሥዕሉን ወደዱት?" አሉ። "ወደዱት" አልኳቸው። ለምን እንደወደዱት መናገር አቃተኝ። እኔም እንደ ሰዉ ሆን ብለው ያደረጉት መስሎኝ፣ ስለዚህ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም ብዬ ነው።

ጓድ አያሌው ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ።

"ይህ እኔ ነኝ?"

"አዎ ጓድ። ሚዛኑን ሲቆጣጠሩ ነው።"

"በጎን ነኝ።"

"ሚዛኑን እያዩ ነዋ።"

 ድጓ የጀመረ ሰው ነው፤ ገብቶታል። ግን አውርዱት ቢል "ነካው" ሊባል ነው፤ አይውረድ ቢል ቁጭ ብሎ ሊሳቅበት ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ሚዛኑን ማየት ጀመረ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ነገሩን ያባባሰው ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንዳች አያውቅም። ሥዕሉን ሲያይ በደስታ እጁን አጨበጨበ። "ተመልከቱ! ሁሉም ሰው ሥራ ፈቶ እኛን ያያል፤ ሊቀመንበሩ ብቻ ዓይኑን ከሥራው አልነቀለም! ይህማ ደብረ ማርቆስ ኤግዚቢሽን ላይ መቅረብ አለበት።" ጓድ አያሌውን ጨበጠው። የጓድ አያሌው ፊት ግን እንደ አመድ ሆነ። እስካሁን ያየው ሞጣ ነው፤ አሁን ጎጃም በሙሉ ሊያየው ነው።

እንግዳው እንደወጣ ወደኔ ዞረ። "ጓዲት የሺ፣ ሰውዬሽን ንገሪያቸው። ሥዕሉ ከመሄዱ በፊት ሁለተኛ ዓይን ይኑረኝ። አለበለዚያ አድኃሪ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁበት ቦታ ይሄዳሉ።" እዚያ ቦታ ገብተው ስንቶች እንዳልወጡ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤታቸው ስደርስ መሪጌታ ለመቅደሱ የሚሆን ቡርሽ እየለዩ ነበር። ምንም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ከዚያ "እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሆን ብለው ነው ወይ?" አልኳቸው።

ቡርሹ ከእጃቸው ወደቀ። "አንቺ አይደለሽም ያዩትን ይሣሉ ያልሽኝ? ያየሁትን ሣልኩ! ሰዉ ሁሉ አየኝ፣ አንቺም ዞረሽ አየሽኝ። እሱ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ወደኔ አላዞረም። የት አግኝቼ ሁለተኛ ዓይን ልሣልለት? ይህ ደግሞ ሱቅ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ እዚያ ጻድቁን ከኃጥኡ መጽሐፍ ለይቶ ይነግረኛል፤ እዚህ ማን ነግሮኝ ነው በሰው የምፈርደው?"

አመንኳቸው። ዛሬም አምናቸዋለሁ።

ቀስ ብለው ጠየቁኝ። "ሽማግሎቹም እንደዚያ ነው ያዩት?"

የወደቀውን ቡርሽ ከመሬት አነሳሁላቸው።

"ለካ መቅደሱን የሰጡኝ እጄን አይተው አይደለም" አሉ። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ አንጀቴን የበላኝ የዚያን ሰዓት ፊታቸው ነው።

"ይጨምሩለትና ይገላገሉ" አልኳቸው፤ መታሰራቸውን ነው የፈራሁት። "ዓይን ዝም ብሎ አይጨመርም" አሉ። "መጥቶ ፊቱን አዙሮ ይየኝ። ካየኝ እሥለዋለሁ፤ ያየሁትን ነው የምሥለው።"

ጓድ አያሌው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። በምሳ ሰዓት ሱቁን ቀርቅረን ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ከፊቱ ቆሙ። በመጀመሪያ ዓይኑ ወደ ሚዛኑ እየሸሸ አስቸገረ። "ወዲህ" ይሉታል መሪጌታ። "ወዲህ፣ ወደኔ።" ኋላ ላይ ዓይኑ ረጋ። መሪጌታ የድሮውን ፊት በነጭ ሸፍነው እንደ አዲስ ሣሉት፤ እኔ ስኳር የምመዝን መስዬ አያለሁ።

"ሰው እንደዚህ ፊት ለፊት ካየኝ ቆየ" አለ ጓድ አያሌው በድንገት። "ሁሉም ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። እኔስ ታዲያ ሚዛን እንጂ ምን ልይ?"

መሪጌታ ዓይን እየሣሉ ነበር። ሲጨርሱ ጓድ አያሌው ሁለት ዓይን ኖረው። ደግሞም እሱን ነው የሚመስለው፤ የደከመ፣ ትንሽ ያዘነ ሰው። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ፊት ተሥሎ አላየሁም።

ሥዕሉ ከመሄዱ በፊት ሰልፉ አየው። የሳቀ የለም። እኚያው ባልቴት "ለስኳር ብለው ጻድቅ አደረጉት" አሉ። በዚያው ቅዳሜ ሽማግሎቹ መጡ። ሥዕሉን አዩት። ትልቁ ወደኔ ጠጋ ብለው "ለሊቀመንበር ዓይን የሸጠ እጅ መቅደስ አይገባም" አሉኝ።

ተቆጣሁ። ባንኮኒውን መታሁት። "ድሮም ክፉ ብለው አልሣሉትም! አሁንም ጻድቅ ብለው አልሣሉትም! ያዩትን ነው የሣሉት፤ ሄዳችሁ ራሳቸውን ለምን አትጠይቋቸውም?" ለሰልፉም ጮክ ብዬ ነገርኩ። ሽማግሌው በርኅራኄ ነው ያዩኝ። "አንቺ የቀበሌ ሰው ነሽ ልጄ፤ እንዲህ ማለት ሥራሽ ነው።" የሚጠይቃቸው ግን አንድም አልሄደም።

ሥዕሉ ደብረ ማርቆስ ሄዶ በዚያው ቀረ። መሪጌታ አልታሰሩም። ከተማው ግን ዘጋቸው። መጀመሪያ ባላሰቡት ጀግንነት አሞገሷቸው፤ ኋላ ደግሞ በሌለባቸው ፍርሃት ናቋቸው። ምሳ ሰዓት መምጣታቸውንም ተዉ። "አንቺንም ከኔ ጋር አያሙሽ" አሉኝ። እኔን ድሮም ማን ትቶኝ!

በሚቀጥለው የዕደላ ቀን ሰልፍ ይዘው መጡ። ወደ ብቸና በኩል ሊወርዱ ነው፤ እዚያ አንድ ሠዓሊ ረዳት ይፈልጋል። ልብስ ለመቀባት። ተራቸው እስኪደርስ ከፊታቸው ያለውም ከኋላቸው ያለውም አንገቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ ሰላም ያላቸው የለም። ጨዋቸውንና ሳሙናቸውን መዝኜ ሰጠኋቸው። ወደ ሰልፉ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዛሬ ያየሁትን ብሥል የሺ፣ ካንቺ በቀር ሁሉም በጎን ነው።"

ይህን ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ግድግዳውም ባዶውን ቀረ፤ ሥራውን ሊያሰቅል የደፈረ አልተገኘም። መመሪያውም ተረሳ። እኔ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ስኳር መዘንኩ፤ ምሳዬንም ብቻዬን በላሁ።

ዛሬ ሱቅ የከፈቱ ልጆች የሰፈር ሠዓሊ ሥራ በየወሩ እንስቀል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ስቀሉ እላቸዋለሁ። ግን በተሰቀለበት ቀን ሠሪው ከሥራው አጠገብ ይቁም፤ ምን እንደሠራ ሰው ከራሱ አፍ ይስማ። መሪጌታን የጠየቅኋቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የጠየቅኋቸው ሰው ሁሉ አይቶ ከፈረደ በኋላ ነው።